ሃያ አንድ ያልሞላው ጠጅ አይቅመስ

በእመት የውብዳር ጠጅ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ጠጅ አላየሁም። ከጠዋት እስከ ቀትር ያየሁት የጋን ሆድ ነው። ትልቁን ጋን አጋድመው ግማሽ አካሌን ወደ ውስጥ አስገቡኝና «በግራዋ ቅጠል ፈትጊው» አሉኝ። ስጨርስ እመት የውብዳር መጡ፤ አፍንጫቸውን ወደ ጋኑ አስጠግተው አሸተቱና «እንደገና» አሉ። ሦስት ጊዜ «እንደገና» ተባልኩ። በአራተኛው ምንም ሳይሉ ሄዱ። በዚያ ቤት ምስጋና ማለት እሱ ነበር።

ቤቱ ከደብረ ማርቆስ ገበያ ከፍ ብሎ ነው። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ከተማዋን ገና መንቆረር ነበር የሚሏት። ሥራችን ማዕረግ ነበረው። የመጀመሪያዋ ጋን አጣቢ ናት። ቀጥላ አጥላይ አለች፤ ሰፈፉን ትገፍፋለች፣ ጠጁን በሻሽ ታጠላለች። ከእሷ በላይ አሳላፊዋ ናት፤ ብርሌ ይዛ እንግዳ ፊት የምትቆመው። ከሁሉም በላይ ጣይዋ አለች፤ ማሩን በውኃ የምትበጠብጥ፣ ጌሾውን መቼ እንደምትጨምርና መቼ እንደምታወጣ የምታውቅ። እኔ ከአጣቢነት እስከ ጣይነት ስደርስ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አሳላፊ በሆንኩ ሰሞን እመት የውብዳርን «ለልጅ ይቀዳል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጅ ማን ነው?» አሉኝ።

«ጢም ያላወጣ ነዋ።»

«ጢም የሌለው ሽማግሌ አላየሽም? አባቱ እዚህ ቤት ከተቀመጠ ልጅ ነው፤ ብርዝ ስጪው። አባቱ ከሌለ ሰው ነው፤ ጠጅ ስጪው።»

ብርዝ ጌሾ ያልገባበት፣ ያልፈላ የማር ውኃ ነው። ብርሌ ውስጥ ሲገባ ከጠጅ አይለይም፤ አያሰክርም። የእመት የውብዳር ሕግ የሁሉም ሰው ሕግ ነበር። አራት ልጆች የወለደ ጎልማሳ አባቱ ከደጅ ድምፁ ሲሰማ ብርሌውን ጥሎ ከጋን ጀርባ ሲደበቅ በዓይኔ አይቻለሁ። አባትየው እስኪሄድ ድረስ ቁጢጥ ብሎ ቆየ። እኔም እየረገጥኩት እቀዳ ነበር።

ጣልያን ሲገባ የእመት የውብዳር ወንድም ዱር ገባ። እሳቸውም እዚያው ቢቀመጡ እንደማይተዋቸው ስላወቁ የጓዳውን ቁልፍ ለእኔ ሰጥተው ሉማሜ አጠገብ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ሄዱ። ሲሄዱ ያሉኝ «ጋኖቹን አደራ» ብቻ ነው። ስለ እኔ አደራ አላሉም።

የከተማውን ጸጥታና የመንገድ ሥራውን የያዘው አንድ ካፒቴን ነበር። አጭር፣ ቀይ፣ ቦት ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከአስተርጓሚው ጋር ይመጣል፤ መደቡ ላይ ጨርቅ አስነጥፎ ይቀመጣል፤ ሦስት ብርሌ ይጠጣል። አስተርጓሚው ሐጎስ የሚባል የሐማሴን ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ጠንቃቃ፣ ከመናገሩ በፊት የሚያስል። ካፒቴኑ ሲጠጣ ጨዋ ነበር። ሳይጠጣ ግን ሰው የሚያስገርፍ ሰው ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠጁን አሳንሼ ቀድቼለት አላውቅም።

ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣ ሌላም እንግዳ ነበረኝ፤ ልየው የሚባል የቅኔ ተማሪ። አገሩ መርጡለ ማርያም አካባቢ ነው። ጠቆር ያለ፣ ጢሙ ገና ማቆጥቆጥ የጀመረ፣ ምላሱ ግን የበሰለ። ጠጅ የሚጠጣበት አቅም ስላልነበረው እኔ ብርዝ በብርሌ ቀድቼ እሰጠዋለሁ። እሱም ብርሌውን እንደ ትልቅ ሰው አንገቱን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፈን እያደረገ ይጠጣል። ብርዝ መሆኑን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

አንድ ሐሙስ ካፒቴኑ ደስ ብሎት «ተማሪው ለእኔ የሚለው የለውም ወይ?» ብሎ አስጠየቀ። ልየው ተነሣ፤ እጅ ነሣና እንዲህ አለ፦

መንገድ ሲያሠሩን ድንጋይ አሸክመው፣
ጣልያን! ጣልያን! ይላል ሰው ሁሉ ቢደክመው።

ሐጎስ አሰለና ተረጎመ። «ሠራተኛው ሲደክመው የጣልያንን ስም እየጠራ ይበረታል ማለት ነው» አለው። ካፒቴኑ በደስታ ጉልበቱን መታ። ግጥሙን በራሱ ፊደል ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አስጻፈ፤ እዚያው ተቀምጦ እየደጋገመ በቃሉ ያዘው። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ጣሪያው ያይ ነበር። እኔ ጓዳ ገብቼ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩት። «ጣልያን» የሚለውን ለሁለት ከፍላችሁ በሉት፤ «ጣል ያን» ይሆናል።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ትልቅ የጣልያን ሹም መንገዱን ሊያይ መጣ። ካፒቴኑ ያገሩን ቋንቋ እንደሚያውቅ ለማሳየት የድንጋይ ክምር ላይ ወጣና፣ ድንጋይ ተሸክሞ በተሰለፈው ሠራተኛ ፊት ግጥሙን በራሱ አንደበት አለው። «ጣል ያን! ጣል ያን!» ሲል ሠራተኛው በሙሉ የተሸከመውን ድንጋይ በአንድ ጊዜ ለቀቀው። አንዱ እየተንከባለለ ሄዶ ሹሙ እግር አጠገብ ቆመ።

ይህን የነገረኝ አያ ድረስ ነው፤ ጢሙ ደረቱ ላይ የሚወርድ፣ የአራት ልጆች አባት፣ የቤቴ ደንበኛ። «ለምን ጣላችሁ?» አልኩት።

«ጣል ያን አለና! አዛዡ እሱ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ወሬው ለካፒቴኑ ትርጉሙን ይዞ ደረሰው። መጀመሪያ የተጠራው ሐጎስ ነው። «እኔ የሐማሴን ሰው ነኝ፤ የጎጃም ቅኔ አይገባኝም» ብሎ ነፍሱን አዳነ። ልየውን በግጥሙ ለመቅጣት ደግሞ ካፒቴኑ ለበላዮቹ ግጥሙ ምን ማለት እንደሆነ መጻፍ ነበረበት። ከዚያ ግጥሙን ትልቁ ሹም ፊት ያለው ማን ነው የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለገ።

«ይህ ነገር የመጣው ወጣትና መጠጥ ስለተገናኙ ነው» አለው ሐጎስን። «ያ ተማሪ ስንት ዓመት ይሆነዋል?»

«ሃያ ቢሆነው ነው።»

«እንግዲያው ሃያ አንድ ብለህ ጻፍ።»

ትእዛዙ በገበያ ቀን ተነበበ፤ በቤቴ በር ላይም ተለጠፈ። ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ጠጅ እንዳይቀምስ፤ የቀዳችለት ሴት ጋኖቿ እንዲሰበሩ፣ እሷም እንድትታሰር። መጠጣት የሚፈልግ ሁሉ ዕድሜውን አስመዝግቦ ወረቀት ይያዝ። አንድ ሽማግሌ «ሃያ አንድ ሲል፣ ከመቼ ጀምሮ ተቆጥሮ?» ብለው ጠየቁ።

ሐጎስ ከካፒቴኑ ቢሮ ፊት ከዛፉ ሥር ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ የሚጠጣበትን ሲጠየቅ «ስመኝ ቤት» እያለ የእኔን ቤት ስለሚጠራ አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ከክፉ ቀን በኋላ ነው የተወለድኩት።»

«ስንት ዓመት በኋላ?»

«እሱን እናቴ ናት የምታውቀው። እሷም ሞታለች።»

ሌላው ይቀርባል። «አንተስ?»

«በቅሏችን ገደል የገባች ዓመት ጥርስ አብቅያለሁ።»

ሐጎስ ያስልና ሠላሳ ብሎ ይጽፋል። ለሁሉም ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ እያለ ሞላው። ከተማው በአንድ ቀን አረጀ።

ችግሩ ሌላም መዝገብ መኖሩ ነው። ከዚያ በፊት ለመንገዱ ሥራ ሰው ሲመዘገብ፣ አሥራ ስምንት ያልሞላው እስከ ቀትር ብቻ ይሥራ ተብሎ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ አገር ምድሩ ልጅ ሆኖ ተመዝግቧል። አያ ድረስ ከነጢሙ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ጠዋት በአሥራ አምስት ዓመቱ ድንጋይ ሲሸከም ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ በሠላሳ አምስት ዓመቱ መጥቶ ጠጄን ይጠጣል።

ካፒቴኑ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ዕለት ሐሙስ ነበር። አራት ወታደሮች አስከትሎ መጣ። ጨርቅ አላስነጠፈም። መጀመሪያ ያየው አያ ድረስን ነው።

«አንተ ስንት ዓመትህ ነው?» አለ በሐጎስ አፍ።

አያ ድረስ ብርሌውን በቀስታ አስቀመጠና «የት ቦታ?» አለ።

ሐጎስ ብዙ አሰለ። ካፒቴኑ «ምን ማለቱ ነው?» አለ።

«መንገዱ ላይ ነው ወይስ እዚህ ነው የሚጠይቁኝ? ሳላውቅ እንዳልሳሳት ብዬ ነው» አለ አያ ድረስ፣ በፍጹም ቅንነት።

ካፒቴኑ ፊቱ ከቀይነት አልፎ ጠቆረ። ወሬ ለማስቀየር ብዬ «ጌታዬ፣ በእርስዎ አገር በስንት ዓመት ነው የሚጠጣው?» አልኩ። ሐጎስ ተረጎመ። ካፒቴኑ ሳያስበው መለሰ፤ በእነሱ መንደር ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ በውኃ የቀጠነ ወይን ይሰጠዋል አለ። በር ላይ የቆመው ሱማሌ ወታደር ጣልያንኛው ገብቶት ኖሮ «በእኛ ዘንድ እስከ ሞት ድረስ አይፈቀድም» አለ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ቄስ ደግሞ ጥያቄው የቤተ ክርስቲያን መስሏቸው «እኛ ወንዱን በአርባ ቀን፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን እናቆርባለን» አሉ። ነገሩ ስለ ጠጅ መሆኑን ሲረዱ መቋሚያቸውን መሬት መትተው ተቆጡን።

እኔም አላስቻለኝም። «ታዲያ ሃያ አንድ የማን አገር ነው?» አልኩ።

ካፒቴኑ «ምን አለች?» ሲለው፣ ሐጎስ «ጠጅ ልቅዳ ወይ ትላለች» አለው።

ካፒቴኑ ግን የመጣው ለዚህ አልነበረም። ዞሮ ልየውን በጣቱ ጠቆመው። ልየው እንደ ልማዱ ብርሌውን ይዞ ተቀምጧል።

«ይህ ተማሪ ሃያ አንድ ካልሞላው የዚህች ሴት ጋኖች አሁን ይሰበራሉ፤ እሷም ትታሰራለች። ከሞላው ሙሉ ሰው ነው፤ ነገ ጠዋት ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ይናገር።»

ዓባይ በረሃ ማለት መንገዱ ገደሉን የሚወርድበት፣ ድንጋዩ በድማሚት የሚፈነዳበት ነው። ወደዚያ ከወረዱት ውስጥ ሳይመለሱ የቀሩትን በስም እናውቃቸው ነበር። እኔ ስድስት ጋን ነበረኝ። አምስቱ ሙሉ ናቸው። መጀመሪያ ጋኖቹን አየሁ፣ ልየውን አየሁ፣ እንደገና ጋኖቹን አየሁ። ይህን አሁን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን አይቻለሁ።

ልየው ተነሣና «ሞልቶኛል» አለ።

እኔም በዚያው ቅጽበት «አልሞላውም!» ብዬ ጮህኩ። «የጠጣውም ጠጅ አይደለም! ብርዝ ነው! ከመጣ ጀምሮ ብርዝ ነው የሚጠጣው!»

ካፒቴኑ ሁለታችንንም አየና ወደ ሐጎስ ዞረ። ሐጎስ አልተረጎመም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስመኝ፣ ያን ግጥም ሲልም ብርዝ ነበር የጠጣው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ሳይሰክር፣ አስቦበት ነው ያለው ማለት ነው። ይህን ብነግረው የሚሰቅለው አይመስልሽም?»

ላድነው ብዬ አንገቱን ለገመድ ያቀረብኩት እኔ ሆንኩ። «አቶ ሐጎስ፣ በእናትዎ፣ እንደሚሆን አድርገው ይበሉት» አልኩ።

ሐጎስ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በጣልያንኛ ረጅም ነገር ተናገረ። እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እጁን አወናጨፈ፤ አንገቱን አዘነበለ፤ እንደ ሰካራም ሁለት እርምጃ ተንገዳገደ። ካፒቴኑ የልየውን ብርሌ ተቀብሎ አሸተተ፤ ቀመሰ። ልየውን አየው። እንደገና ቀመሰ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ወታደሮቹም ጌታቸው ሲስቅ አብረው ሳቁ። ካፒቴኑ ሄዶ የልየውን ጉንጭ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው፤ ለሕፃን እንደሚደረገው። ልየው እንደ እንጨት ደርቆ ቆመ።

ሐጎስ ምን እንዳለው የነገረን በኋላ ነው። «ይህ ልጅ ሃያ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ሴትዮዋ ስታታልለው ኖራለች፤ የማር ውኃ እየሰጠችው ጠጅ ነው ትለዋለች። እሱም አምኖ በማር ውኃ ይሰክራል፤ ይንገዳገዳል፤ ይቀባጥራል። ያን ግጥምም የቀባጠረው በማር ውኃ ሰክሮ ነው» ብሎታል። ካፒቴኑን ያሳቀው ነገር የራሱ ነው። ልጅ ሳለ አያቱ በውኃ ብርጭቆ ውስጥ አንዲት ጠብታ ወይን እያደረጉ ይሰጡት ነበር፤ እሱም ሰክሬአለሁ እያለ በየግድግዳው ይላተም ነበር። ሰደበኝ ያለው ሰው እንደዚያ ያለ ሕፃን ሆኖ ሲያገኘው ቁጣው ተነነ። ሕፃን ቢሰድብህ ምን ይባላል?

ግን ሹም ወታደር አሰልፎ መጥቶ ባዶ እጁን አይመለስም። «ለሥርዓቱ አንድ ጋን ይሰበር» አለ። እኔም ዘልዬ ስድስተኛውን ጋን አቀፍኩ። «ይሄንንስ አይሆንም! የእናቴ ጋን ነው! ሌላውን ስበሩት!» እያልኩ ፀጉሬን ነጨሁ። ካፒቴኑ እንደዚያ ስሆን ሲያይ «ያንኑ ስበሩ» አለ። ሰበሩት። ከፋሲካ ጀምሮ እያፈሰሰ ያስቸገረኝ ባዶ ጋን ነበር።

ሲሄዱ ሐጎስ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ስብርባሪውን አየና «የእናትሽ ነው?» አለኝ። «የገበያ ነው» አልኩት። ያን ቀን ሐጎስ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

ልየው በማግስቱ ጠዋት መጣ። ጢሙን ተላጭቶታል። ፊቱ እርቃኑን የቀረ ይመስል ነበር።

«ሕፃን አደረጋችሁኝ» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«መምህሬ ሰምተው ሳቁብኝ። ጓደኞቼ ሕፃኑ እያሉ ነው የሚጠሩኝ።»

«ድማሚቱ ይሻልህ ነበር?»

የተላጨ አገጩን ዳበሰ። «አይ» አለ። «ግን ለአንድ ቀን እንኳ ሰው ተብዬ ቢሆን።» ከዚያ እጄን ስሞ ወደ አገሩ ሄደ። ጣልያን እስኪወጣ ድረስ አልተመለሰም። በኋላ መሪጌታ ሆኖ፣ ተማሪዎች አስከትሎ አየሁት። ጠጅ ልቅዳልህ ብለው ብርዝ ነው የምፈልገው አለኝ። ተማሪዎቹ ስለነበሩ ይሁን፣ ቂም ይዞብኝ ይሁን አላውቅም።

ትእዛዙ ግን አልተነሣም። ካፒቴኑ ሁለቱን መዝገቦች አንድ አደረጋቸው፤ ጠጅ የሚጠጣ ሰው መንገዱም ላይ ሙሉ ቀን ይሠራል ተባለ። ከተማው በአንድ ሳምንት ተመልሶ ልጅ ሆነ። አያ ድረስ አሥራ አምስት ዓመቱን መረጠ። በእኔ ቤትም በግልጽ የሚቀዳው ብርዝ ብቻ ሆነ። ጢማም ሰዎች መደብ ላይ ተደርድረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብርዝ እያሉ ይጠጡ ነበር። አንዳንዱ ሲወጣ ይንገዳገዳል። ወታደሩ ሲጠይቀው «ልጅ ነኝ፣ የማር ውኃ ያሰክረኛል» ይላል። በብርሌ ውስጥ ሁለቱ አንድ መልክ አላቸው ብያችኋለሁ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አሁን በሥራው ያላችሁ ልጆች በየጊዜው ትጠይቁኛላችሁ። በሹፌርና በተማሪ አፍ የሰማችሁትን ታመጣላችሁ፤ በአንዱ አገር የመጠጥ ዕድሜ አሥራ ስድስት ነው፣ በሌላው አሥራ ስምንት ነው፣ በሌላው ሃያ አንድ ነው፣ በሌላው ጭራሽ ክልክል ነው ትላላችሁ። መጠጡም ሰውም ያው ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ለምን ይለያያል ትሉኛላችሁ። እኔ የሌላውን አገር አላየሁም። ያየሁት አንድ ሕግ ሲወጣ ነው፤ እሱንም ከጥጉ ቆሜ ነው ያየሁት።

ቁጥሩ የሚለያየው ሕጉን የሚያወጡት ሰዎች የሚፈሩት ነገር ስለሚለያይ ነው። አንዱ ጠብ ይፈራል፣ አንዱ ኃጢአት፣ አንዱ የልጁን ጤና፣ አንዱ መሳቂያ መሆንን። ከፍርሃቱ ውስጥ ተገቢ የሆነ አለ፤ ያልሆነም አለ። እኔ በጣይነት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ለልጅ ጠጅ አልቀዳሁም፤ ልጅ የሆነውንም ያልሆነውንም ፊቱን አይቼ ነው የለየሁት። አንዳንዴ ተሳስቻለሁ።